ድኝ በል ባክቴሪያን በጠርሙስ ማሳደግ፦ ከወንዝ ዳር ጭቃ ተነስቶ የባሕር ወለልን መረዳት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ባሕር ለማየት ብዙ መንገድ መውረድ ያስፈልጋል። በባሕር ወለል ላይ ድኝ እየበሉ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን ለመረዳት ግን የግድ መርከብ አያስፈልግም። ዘመዶቻቸው ወንዝ ዳር ባለ ጥቁርና የሚሸት ጭቃ ውስጥ ይኖራሉ። ባዶ ሃይላንድ፣ ጀሶ፣ የእንቁላል ቅርፊትና የጥቂት ሳምንታት ትዕግሥት ካላችሁ ቤት ወይም ክፍል ውስጥ ማሳደግ ትችላላችሁ።

መመሪያውን የጻፍኩት በሰሜን ሸዋ ላሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና የባዮሎጂ መምህራን ነው። ላብራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤትም ይችለዋል። አንድ ማይክሮስኮፕ ከተገኘ ደግሞ በጣም ጥሩ።

አገሩም ቢሆን ለባሕር እንግዳ አይደለም። ወደ ጀማ ሸለቆ የወረደ ሰው ከጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሥር ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ተደራርቦ ያያል። ያ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን፣ ከ145 ሚሊዮን ዓመታት በላይ በፊት፣ አካባቢውን ሸፍኖ የነበረ ባሕር ጥሎት የሄደ ደለል ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ባክቴሪያው ምን ይፈልጋል?

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ጠርሙሱ ውስጥ የምታዩት ነገር ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ነው።

የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ 2.7 ግራም ያህል ሰልፌት (ድኝ ከኦክስጅን ጋር የተዋሃደበት ንጥረ ነገር) አለው። ከባሕሩ ወለል ጥቂት ዝቅ ስትሉ ጭቃው ውስጥ ኦክስጅን ያልቃል። እዚያ የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፋንታ በሰልፌት ይተነፍሳሉ። ሲተነፍሱም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያወጣሉ። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ያለው ጋዝ ይኸው ነው። ለዓሣም ለሰውም መርዝ ነው።

ለድኝ በል ባክቴሪያ ግን ምግብ ነው። ከሰልፋይዱ ላይ ኤሌክትሮኖችን ይወስድና ለኦክስጅን ያስረክባል። በመሃል የሚያገኘውን ጉልበት ለኑሮው ያውለዋል። በዚያ ጉልበት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ስኳር የሚለውጡ ብዙዎች ናቸው። የሚጠቀሙበትም የካልቪን ዑደት ነው። የመንዝ ገብስ በፀሐይ ብርሃን የሚያካሂደውን ዑደት እነዚህ በጨለማ ውስጥ ያካሂዱታል።

ችግሩ የት ነው? ኦክስጅን የሚመጣው ከላይ ነው። ሰልፋይድ የሚመጣው ከታች ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ ባክቴሪያ ባይኖርም በራሳቸው ይዋሃዳሉ። ስለዚህ አንድ ላይ የሚገኙበት ቦታ እጅግ ቀጭን ነው። ጥቅጥቅ ባለ የባክቴሪያ ምንጣፍ ውስጥ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ባክቴሪያው እዚያች ቀጭን መስመር ላይ መቆየት አለበት። ከፍ ካለ ምግብ የለም፤ ዝቅ ካለ መተንፈሻ የለም። የሰውነት ቅርጹ፣ አካሄዱ፣ ከሌሎች ጋር የሚፈጥረው ጉድኝት፣ ሁሉም ከዚህ ችግር ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህ በታች በሁሉም እርምጃ የምትፈልጉት ይህችን መስመር ነው።

ጭቃውን ማምጣት

ውሃ ቀስ ብሎ የሚሄድበትን ወይም የተኛበትን ቦታ ምረጡ። የበሬሳ ወንዝ ዳር፣ የኩሬ ጠርዝ፣ ረግረግ ሜዳ ይሆናል። የላዩን ቡናማ ጭቃ ገለጥ አድርጋችሁ ከሥር ጥቁር ከሆነና የእንቁላል ሽታ ካለው ትክክለኛውን አግኝታችኋል። ጥቁረቱ ብረትና ሰልፋይድ ተዋህደው የፈጠሩት ነው። አንድ ትልቅ ባልዲ ይበቃል። ከዚያው ቦታ ውሃም ቅዱ። ክረምት ላይ ጎርፍ ጭቃውን እያጠበ ስለሚወስደው ከጥቅምት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል።

ጓንት አድርጉ። ጓንት ከሌለ እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ፤ ስትጨርሱም በሳሙና ታጠቡ። የመጸዳጃ ፍሳሽ ከሚገባበት ቦታ አትውሰዱ።

አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ አደራ። ጭቃ ፍለጋ ብላችሁ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ወይም የተተወ ጉድጓድ ውስጥ በፍጹም አትግቡ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ የማሽተት አቅምን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። የወደቀውን ላውጣ ብሎ የገባው ሰውም አብሮ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። ተማሪ ይዞ የሚወጣ መምህር ይህን አስቀድሞ ይናገር። በጠርሙስ ውስጥ የሚፈጠረው መጠን ትንሽ ነው። አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ከተቀመጠ አያሰጋም። መኝታ ክፍል ውስጥ ግን አታኑሩት።

ጠርሙሶቹን መሙላት

ሦስት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ አዘጋጁ። አንገታቸውን ቁረጡና ሀ፣ ለ፣ ሐ ብላችሁ ጻፉባቸው። «ሀ» ብርሃን ላይ ይቀመጣል። «ለ» ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። «ሐ» ጨለማ ውስጥ ሆኖ ጨው ይጨመርበታል። አንድ ብቻ መሥራት ከቻላችሁ «ለ»ን ሥሩ፤ ከባሕሩ ጥልቅ ወለል ጋር የሚቀራረበው የጨለማው ነው።

ጭቃውን ከድንጋይ፣ ከሥርና ከትል አጽዱ። ከወንዙ ውሃ ትንሽ ጨምራችሁ የእንጀራ ሊጥ ያህል እስኪቀጥን አማስሉ። ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ግማሽ ሊትር ያህል ጭቃ ለብቻ ውሰዱና እነዚህን ቀላቅሉበት፦

አንድ የሾርባ ማንኪያ ጀሶ። ጀሶ ካልሲየም ሰልፌት ነው። በባሕር ውሃ ውስጥ ያለውን ሰልፌት የሚተካው እሱ ነው። የግድግዳ ጀሶ ውሃ ሲነካው ስለሚደርቅ ከጭቃው ጋር ደህና አድርጋችሁ አሹት። ደርቆ የተሰባበረ ጀሶ ካገኛችሁ ወቅጣችሁ ተጠቀሙ፤ የበለጠ ይመቻል።

አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ የእንቁላል ቅርፊት። ካርቦኔት ይሰጣል፤ ጭቃው አሲድ እንዳይሆንም ይከላከላል።

አንድ ገጽ ጋዜጣ በጣም ተቆራርጦ፣ ወይም አንድ እፍኝ የገብስ ጭድ ደቅቆ። ይህ ለታችኞቹ ባክቴሪያዎች ምግብ ነው። እሱን ሲያብላሉ ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፤ ከዚያ በሰልፌት መተንፈስ ይጀምራሉ።

አንዳንድ ሰው የእንቁላል አስኳል ይጨምራል። ይሠራል፤ ሽታው ግን ቤተሰብ ያጣላል። ጀሶው ይበቃል። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው 2 ግራም ተኩል ያህል ብቻ ቢሆንም ሰልፌቱ በተበላ ቁጥር ቀሪው እየሟሟ ይተካዋል። ለወራት የሚቆይ ስንቅ ነው።

የተቀላቀለውን ከታች አድርጉ። ምንም ያልተጨመረበትን ጭቃ ከላዩ አፍስሱ። ጠርሙሱን መሬት ላይ ቀስ እያላችሁ መታ መታ አድርጉት፤ የታመቀው አየር ይወጣል። ጭቃው ከጠርሙሱ ቁመት ሁለት ሦስተኛውን ይያዝ። ከላዩ 4 ሴንቲሜትር ያህል ውሃ ጨምሩ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት። አፉን በፌስታል ሸፍናችሁ በላስቲክ እሰሩና በመርፌ ብሱት። ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ። ጋዝ ከታች ይፈጠራል፤ አየርም ከላይ መግባት አለበት።

ጨዋማው ጠርሙስ

የባሕር ውሃ በአንድ ኪሎ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። ሚዛን ካላችሁ በአንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም አሟሙ። ካልሆነ የተላጨ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የደቀቀ ጨው ይቀርባል። የ«ሐ»ን ጭቃ በዚህ ውሃ አቅጥኑት፤ ከላይ የሚጨመረውም ይኸው ውሃ ይሁን። የአፋር ጨው ብትጠቀሙ ደስ ይለኛል። የዳናክል ጨው ጥንት ከቀይ ባሕር ገብቶ የደረቀ ውሃ ትቶት የሄደ ነውና።

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን አለብን። ጨው የገባበት የወንዝ ጭቃ ባሕር አይሆንም። በ«ሐ» ውስጥ የሚያድጉት ጨው የሚችሉ የወንዝ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከውቅያኖስ የመጡ ዝርያዎች አይደሉም። የምታወዳድሩት ጨው ማኅበረሰቡን እንዴት እንደሚያበጥረው ነው። ብዙዎቹ ይሞታሉ ወይም ይተኛሉ። ስለዚህ «ሐ» ከሌሎቹ ዘግይቶ ቢነሳ አትደነቁ።

የት ይቀመጥ?

«ሀ» ብርሃን የሚያገኝ መስኮት አጠገብ ይቀመጥ፤ ቀጥታ ፀሐይ ግን አያቃጥለው። «ለ» እና «ሐ» ቁም ሳጥን ውስጥ ወይም በጥቁር ፌስታል ተጠቅልለው ይቀመጡ። ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥሩ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሥራውን ያጓትተዋል። ማታ ማታ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ጨርቅ ደርቡበት። ሸዋ ሮቢት ላይ የሚሠራ ሰው ውጤቱን ቀድሞ ያያል፤ ሙቀቱ ያግዘዋል።

ከፍታውም ድርሻ አለው። በ2,800 ሜትር የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ነው። በ15 ዲግሪ ሙቀት ባሕር ዳርቻ ላይ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 10 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። እዚህ ወደ 7 ይወርዳል። ጨው ሲገባበት ደግሞ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ውሃው 4 ሴንቲሜትር ያህል ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው። ከዚያ ከበዛ ኦክስጅኑ ጭቃው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል።

የሳምንታቱ ሂደት

መጀመሪያ ጭቃው ከታች ወደ ላይ እየጠቆረ ይመጣል። ሰልፌት ተንፋሾቹ ሥራ ጀምረዋል ማለት ነው። ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ በ«ሀ» ላይ ቀለም ይታያል። ከላይ አረንጓዴ፣ ዝቅ ብሎ ሐምራዊ ወይም ቀይ መሳይ። ሐምራዊዎቹም ሰልፋይድ ይበላሉ፤ ጉልበታቸው ግን ከብርሃን ነው፤ ኦክስጅን ያለበትንም ቦታ ይሸሻሉ።

የጨለማዎቹ ጠርሙሶች ቀለም አያወጡም። እናንተ የምትጠብቁት ጭቃውና ውሃው የሚገናኙበት ቦታ ላይ የሚዘረጋ ነጭ፣ ስስ፣ የሸረሪት ድር የሚመስል ሽፋን ነው። አንዳንዴ ከጭቃው ከፍ ብሎ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል። መስመሯ የት እንዳለች እየነገራችሁ ነው። ሰልፋይድ ሲበረታ ሽፋኑ ወደ ላይ ይወጣል። ሲደክም ወደ ጭቃው ይገባል። በየሦስት ቀኑ በስኪብርቶ ጠርሙሱ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ቀኑንም ጻፉ። ቶርች አብርታችሁ ለአፍታ ተመልከቱና ቶሎ መልሱት።

መስመሯን በሌላ መንገድም ማየት ይቻላል። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የመዳብ ሽቦ አውጡና በአሸዋ ወረቀት አብረቅርቁት። በጠርሙሱ ግድግዳ በኩል ቀስ ብላችሁ እስከ ታች ስደዱት። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ አውጡት። ሰልፋይድ የነካው ክፍል ይጠቁራል። ላይኛው ጫፍ እንደነበረ ይቀራል። ጥቁረቱ የጀመረበትን ከፍታ ከነጩ ሽፋን ከፍታ ጋር አስተያዩት። ሽቦውን ውስጥ አታሳድሩት፤ መዳብ ባክቴሪያዎቹን ይጎዳል።

ነጩን ሽፋን በማይክሮስኮፕ

በጠብታ ማንጠባጠቢያ ወይም በሲሪንጅ ከነጩ ሽፋን ጥቂት ሳቡ። ስላይድ ላይ አድርጋችሁ በስስ መስታወት ሸፍኑና በ400 እጥፍ ተመልከቱ። ቅርንጫፍ የሌላቸው ረጃጅም ክሮች ፈልጉ። ውስጣቸው የሚያብረቀርቁ ጥቁር ዙሪያ ያላቸው እንክብሎች ካሉ፣ ክሮቹም ቀስ እያሉ እየተንሸራተቱ ከሄዱ፣ ቤጂያቶዋ የተባለውን ድኝ በል ባክቴሪያ ወይም የቅርብ ዘመዱን አግኝታችኋል። ክሩ ቅርንጫፍ ካለውና ካልተንቀሳቀሰ ሻጋታ ሳይሆን አይቀርም።

እንክብሎቹ ድኝ ናቸው። ባክቴሪያው ሰልፋይዱን በአንድ ጊዜ አይጨርሰውም። መጀመሪያ ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ወስዶ ወደ ድኝ ይለውጠውና ያስቀምጠዋል። የቀሩት ስድስት ኤሌክትሮኖች እንክብሉ ውስጥ አሉ። ሰልፋይድ ሲጠፋ ድኙን አውጥቶ እስከ ሰልፌት ያቃጥለዋል።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ስላይዱ ላይ ያለውን ውሃ በሶፍት እየመጠጣችሁ ሰልፋይድ በሌለው ንጹሕ የወንዝ ውሃ ተኩ። እንዳይደርቅ እርጥብ ሶፍት ባለበት ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አኑሩት። ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ እንክብሎቹ እያነሱ ይሄዳሉ። ከዚያ ከጭቃው የወጣ የሚሸት ውሃ ጨምሩ። ክሮቹ በሕይወት ካሉ እንክብሎቹ ይመለሳሉ። ሩሲያዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እ.ኤ.አ. በ1887 ያሳተመው ሥራ በዚህ ዓይነት ምልከታ ላይ የቆመ ነው። ስትራስቡርግ ሆኖ ቤጂያቶዋን በስላይድ ላይ እያኖረ አንዴ ሰልፋይድ ይሰጠዋል፣ አንዴ ይነሳዋል። ሕይወት ከማዕድን ጉልበት አግኝታ መኖር እንደምትችል የተገለጠው በዚህ መንገድ ነው። እኔ ለተማሪ ከዚህ የተሻለ የፊዚዮሎጂ ትምህርት አላውቅም። መጽሐፍ ላይ ያለው ቀመር ስላይዱ ላይ ሲፈጸም ይታያል።

መንሸራተቱንም ልብ በሉ። ብዙ ኦክስጅን ያገኘ ክር ወደ ኋላው ይመለሳል። ብርሃንም አይወድም። በዚህ ዘዴ ክሮቹ በቀጭኗ መስመር ላይ ተሰብስበው ይቆያሉ።

የባሕሮቹ መላ

አሁን ጠርሙሱን አይታችኋልና የባሕሮቹን ዘመዶች መረዳት ቀላል ነው። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ ሰልፋይዱና መተንፈሻው ሲራራቁ ምን ይደረግ?

በቺሊና በፔሩ ባሕር ዳርቻ የሚኖረው ቲዮፕሎካ ይመላለሳል። ክሮቹ በጋራ ቱቦ ውስጥ ተሰብስበው ይኖራሉ። ወደ ላይ ወጥተው ከባሕሩ ናይትሬት ይሞላሉ፤ ከዚያ ሰልፋይድ ወዳለበት ጭቃ ይወርዳሉ። ናይትሬት ለእነሱ የኦክስጅን ምትክ ነው። በሰውነታቸው ውስጥ በባሕሩ ካለው ከ10,000 እጥፍ በላይ ሊያጠራቅሙት ይችላሉ።

ቲዮማርጋሪታ ናሚቢየንሲስ ደግሞ ተቀምጦ ይጠብቃል። የተገኘው በናሚቢያ ባሕር ወለል በ1997 ሲሆን ለዓለም የተዋወቀው በ1999 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አንዱ ሴል እስከ 0.75 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ያለ ማይክሮስኮፕ ይታያል። አብዛኛው ሰውነቱ የናይትሬት ከረጢት ነው። ማዕበል ወይም ጋዝ ጭቃውን ሲያናውጠው ናይትሬት ይሞላል። ከዚያ በጭቃው ውስጥ ተቀብሮ ለረጅም ጊዜ ይኖርበታል። በ2022 ይፋ የሆነው፣ በካሪቢያን ደሴት በጓዴሎፕ ማንግሮቭ (የባሕር ዳር ረግረግ ደን) ውስጥ የሚኖረው ዘመዱ ቲዮማርጋሪታ ማግኒፊካ በአማካይ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ይረዝማል።

ሦስተኛው መላ እንስሳ መጎዳኘት ነው። በ1977 በጋላፓጎስ አቅራቢያ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ ፍል ውሃ የሚወጣባቸው ስንጥቆች ተገኙ። እዚያ የሚኖረው ሪፍቲያ የተባለ ትል እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። አፍም አንጀትም የለውም። ደሙ ኦክስጅንንና ሰልፋይድን በተለያየ ቦታ ይዞ ሳይዋሃዱ ያጓጉዛል። የሚያስረክበውም ውስጡ ለሚኖሩ ድኝ በል ባክቴሪያዎች ነው፤ እነሱ በተራቸው ይመግቡታል። ይህን ጉድኝት በ1981 ያሳየችው ተመራማሪዋ ኮሊን ካቫና ናት። እነዚህ ባክቴሪያዎች ከፀሐይ ፈጽሞ የተላቀቁ ናቸው ሲባል ግን አትቀበሉ። የሚተነፍሱት ኦክስጅን ከላይ፣ በፀሐይ ብርሃን የተሠራ ነው።

አራተኛው በ2012 በዴንማርክ የተገለጠው ነው። የኬብል ባክቴሪያዎች ሴል ለሴል ተያይዘው በሴንቲሜትር የሚለካ ክር ይሠራሉ። ታች ያለው ጫፍ ሰልፋይድ ይበላል፤ ላይ ያለው ለኦክስጅን ያስረክባል፤ ኤሌክትሪክ በመሃል ያልፋል።

ሥራቸው ለሌላውም ይተርፋል። በጥር 2004 በናሚቢያ ባሕር 7,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ቦታ ላይ ሰልፋይድ ከወለሉ ወጥቶ ነበር። ውሃው ውስጥ የተባዙ ድኝ በል ባክቴሪያዎች በናይትሬት እየተነፈሱ ከላይኛው ውሃ ሳይደርስ በሉት። እነሱ ባይኖሩ መርዙ ዓሣው ወዳለበት ይዘልቅ ነበር።

ጠርሙሶቹን ማቆየትና መድፋት

የተነነውን ውሃ በየሳምንቱ ሙሉ። በ«ሐ» ላይም ጨው የሌለው ውሃ ጨምሩ፤ ጨው አይተንምና የጨው ውሃ ከደገማችሁ ጨዋማነቱ እየበረታ ይሄዳል። ነጩ ሽፋን ከጠፋ ሁለት ነገር አረጋግጡ። ሽታው ካለ ኦክስጅን አንሷል፤ ውሃውን ቀንሱ። ሽታውም ከሌለ የታችኞቹ ምግብ አልቋል፤ ጥቂት የተቆራረጠ ጋዜጣ በእንጨት ወደ ታች ግፉ። እንዲህ የተያዘ ጠርሙስ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል።

መድፋት ስትፈልጉ ውጭ፣ ነፋስ ባለበት አድርጉት። የ«ሀ» እና የ«ለ» ጭቃ ወደ መጣበት ወንዝ ዳር ሊመለስ ይችላል። የ«ሐ»ን ግን ከእርሻና ከጓሮ አትክልት አርቃችሁ ድፉ።